የፓንክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም እና ሒሳቡ

ጋዜጠኛ፦ የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም 6,400 ዶላር ፈጀ። ስለ ፓንክ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር ሳያነሣ አያልፍም። ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው?

ባለሙያ፦ የዘመኑ ልማድ ነው ያስወራው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ስመ ጥር የሮክ ባንድ ለአንድ አልበም ሲል ስቱዲዮ ውስጥ ወራት ይከርም ነበር፤ አንዱን ጊታር በሌላው ላይ እየደረበ፣ የከበሮ ድምፅ ሲያስተካክል ብቻ ቀናት እያለፉበት። ራሞንስ ግን በፌብሩወሪ 1976 ኒውዮርክ ውስጥ ራዲዮ ሲቲ ሙዚክ ሆል በሚባለው ታላቅ ቲያትር ቤት ሕንፃ ላይ ወደሚገኘው ፕላዛ ሳውንድ ስቱዲዮ ገብተው በሳምንት ጨረሱ። ሦስቱ ቀን ለመሣሪያ፣ አራቱ ቀን ለድምፃዊው ሆነ። የወጣው ሸክላ 14 ዘፈን ይዟል፤ ሁሉም ተደምሮ 29 ደቂቃ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ታዲያ ያንን ሻካራ ድምፅ የወለደው የገንዘብ እጦት ነዋ።

ባለሙያ፦ እንዲያ ይባላል፤ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። በመጀመሪያ ገንዘቡን ያወጣው ሳየር ሬከርድስ የተባለ አሳታሚ ነው እንጂ ባንዱ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ክሬግ ሊዮን ነበር። ከበሮ መቺው ቶሚም ከባንዱ በፊት ሪከርድ ፕላንት በሚባለው ስቱዲዮ በረዳትነት የሠራ፣ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ስለነበር አብሮ አዘጋጀው። የድምፁን አቀማመጥም ማስተዋል ይገባል፤ ቤዝ ጊታሩ በግራ ስፒከር፣ ጊታሩ በቀኝ፣ ከበሮውና ድምፃዊው መሀል። ይህ ከችግር የመጣ አይደለም። የ1960ዎቹን መጀመሪያ የእንግሊዝ ሸክላዎች አሰማም አስበውበት የተከተሉት ነው። ሳምንቱ የበቃቸው ሥራው ቀድሞ ስላለቀ ነው። ከኦገስት 1974 ጀምሮ ባወሪ ጎዳና ላይ በነበረው ሲቢጂቢ በሚባል ጠባብ መጠጥ ቤት እነዚያኑ ዘፈኖች ሲጫወቱ ከርመዋል። ስቱዲዮ ሲገቡ ገና የሚወሰን ብዙ ነገር አልነበረም።

ጋዜጠኛ፦ እንግዲህ ከሥሩ እንያዘው። የመጀመሪያ አልበሙን የሚሠራ ባንድ ገንዘቡ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ባለሙያ፦ ሰዓት ላይ። ስቱዲዮ የሚከራየው በሰዓት ወይም በቀን ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ክፍያም ከዚያው ጋር ይቆጥራል። በማግኔት ቴፕ ዘመን ቴፑ ራሱ ውድ ነበር። ከዚያ ሚክስ ማድረጉ (የተቀረጹትን ድምፆች አመዛዝኖ ማዋሃዱ)፣ ለሸክላ መቁረጡ፣ ማባዛቱና የሽፋኑ ኅትመት ይከተላል። ኅትመቱና ማባዛቱ ዋጋቸው ስለሚታወቅ አያስደነግጡም፤ ስንት ቅጂ እንደሚወጣ ከተወሰነ ሒሳቡ ይታወቃል። አስቀድሞ የማይታወቀው ሰዓቱ ነው። ግጥሙ ያላለቀ ዘፈን፣ ፍጥነቱ ያልተወሰነ ምት፣ የሚንጣጣ ገመድ፣ የላላ የከበሮ እግር፣ ሁሉም የተከራየ ሰዓት ይበላሉ። አዲስ የጊታር ክር እንኳ እስኪለምድ ቃናው እየወረደ ስለሚያስቸግር፣ ብልህ ጊታሪስት ክሩን የሚቀይረው ስቱዲዮ ከመግባቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ልምምድስ ቢሆን ኪራይ አለው እኮ።

ባለሙያ፦ አለው፤ ከስቱዲዮ ጋር ግን አይወዳደርም። አብዛኞቹ ደግሞ የሚለማመዱት በአንዳቸው ቤተሰብ ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ነው። ዋናው ነገር ልምምዱን በተራ የካሴት መቅረጫ ይዞ ማዳመጥ ነው። ሰው ሲጫወት ራሱን አይሰማም። ከበሮው ወደ ማዞሪያው ሲደርስ እንደሚፈጥን፣ ሁለተኛው ስንኝ ያለ ጥቅም እንደሚደገም፣ ቤዙና ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ እንደማይስማሙ ካሴቱ ያጋልጣል። እዚያ የተገኘ ስሕተት በነፃ ይታረማል፤ ያው ስሕተት ስቱዲዮ ውስጥ ሲገኝ ግን ኪራይ እየቆጠረ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ራሞንስ አሳታሚ ነበራቸው። አሳታሚ ያላገኘ ባንድስ?

ባለሙያ፦ ለዚህ ምሳሌው ማንቸስተር ነው። ባዝኮክስ የተባሉት ልጆች ከወዳጅ ዘመድ 500 ፓውንድ ተበደሩ፤ ግማሹን የሰጠው የጊታሪስቱ የፒት ሼሊ አባት ነው። በዲሴምበር 28 ቀን 1976 ኢንዲጎ ወደሚባል ስቱዲዮ ገቡ። ማርቲን ሃኔት አዘጋጅ ሆኖ አራት ዘፈን በሦስት ሰዓት ቀረጹ፣ በሁለት ሰዓት ሚክስ አደረጉ። ከወር በኋላ ኒው ሆርሞንስ በሚል የራሳቸው ስም 1,000 ቅጂ አወጡ። ሙሉ አልበም አይደለም፤ ባለ 7 ኢንች ትንሽ ሸክላ ነው። ነገር ግን ከለንደን ውጭ ያለ፣ ማንም የማያውቀው ባንድ ቀርጾ፣ አባዝቶ፣ ሸጦ ብድሩን መመለስ እንደሚችል ያሳየው እሱ ነው። 1,000 ብለው የጀመሩት በኋላ እስከ 16,000 ተሸጠ። እኔ ከራሞንሱ 6,400 ዶላር ይልቅ የሚከብድብኝ ይህ 500 ፓውንድ ነው። ያኛው የኩባንያ ገንዘብ ነው፤ ይኸኛው የአባት።

ጋዜጠኛ፦ የዚያ ሸክላ ሽፋን ጀርባ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸና በላዩ ምን እንደተጨመረ ተጽፏል። ለአድማጭ ምን ይፈይድለታል?

ባለሙያ፦ ለተራ አድማጭ ላይፈይድ ይችላል። ነገ ባንድ ለሚያቋቁም አድማጭ ግን መመሪያ ነው፤ «መጀመሪያ ሞከርነው፣ ሆነ» የሚል። ስክሪቲ ፖሊቲ የተባሉት ደግሞ በ1978 የመጀመሪያ ሸክላቸው ሽፋን ላይ ወጪያቸውን ዘርዝረው አሳተሙ። ቀረጻ የኩባንያ ምሥጢር ሆኖ የኖረው ማንም ዋጋውን ስለማያውቅ ነበር። የገበያው ሚዛን ሲገለጥ ገዢው ይደፍራል።

ጋዜጠኛ፦ ወደ ክፍሉ እንግባ። ርካሽ ስቱዲዮ ከውዱ የሚለየው በምንድን ነው?

ባለሙያ፦ በዋናነት በክፍሉ ስፋትና በትራክ ብዛት። ትራክ ማለት በቴፑ ላይ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ለብቻው የሚቀረጽና ለብቻው የሚስተካከል የድምፅ መስመር ነው። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች 16 እና 24 ትራክ በነበራቸው ጊዜ፣ ለንደን ኢዝሊንግተን ውስጥ የነበረው ፓዝዌይ 8 ትራክ ብቻ ነበረው። ዘ ዳምድ የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን የሠራው እዚያ ነው። ኒክ ሎው አዘጋጅቶት በፌብሩወሪ 1977 ወጣ፤ ከእንግሊዝ የፓንክ ባንዶች ቀድሞ የወጣ ሙሉ አልበምም ሆነ። በ8 ትራክ ከበሮው ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ያገኛል፤ ቤዙ አንድ፣ ጊታሩ አንድ ወይም ሁለት፣ ቀሪው ለድምፃዊውና ለአጃቢዎች። ለከበሮው የተተከሉት አምስት ስድስት ማይኮች በሁለት ትራክ ላይ ተዋህደው ስለሚገቡ የእግር ከበሮው ከሲምባሉ ጋር ያለው ሚዛን እዚያው በቀረጻው ሰዓት ይወሰናል። በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም።

ጋዜጠኛ፦ ይህ ችግር ነው ወይስ ጥቅም?

ባለሙያ፦ ለፓንክ ባንድ ጥቅም ነው ባይ ነኝ። አራት ሰው በአንድ ክፍል ቆሞ የሚያሰማው ድምፅ ነው የሚፈለገው። 24 ትራክ ያለው ባንድ ሦስተኛ ጊታር፣ አራተኛ ጊታር እያለ ይጨምራል፤ ሁሉንም ለመመዘን ደግሞ ሌላ ሳምንት ይጠይቃል።

ጋዜጠኛ፦ አራቱም በአንድ ጊዜ ሲጫወቱ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ ይገባል። እንዴት ይያዛል?

ባለሙያ፦ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፤ ይቀነሳል። የጊታሩ አምፕሊፋየር ፊቱን ከከበሮው አዙሮ ይቀመጣል፤ መሀላቸው ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ፍራሽ ወይም የእንጨት ከለላ ይቆማል፤ ማይኩም ስፒከሩን ሊነካ እስኪቀር ይጠጋል። ቤዙ ያለ አምፕሊፋየር በገመድ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ከማንም ጋር አይጋጭም። ድምፃዊው አብሮ ይዘፍናል፤ ያ ድምፅ ግን ለመሪነት ብቻ ነው። እውነተኛው በኋላ ለብቻው ይቀረጻል። ጥቂት ድምፅ ወደ ሌላ ማይክ መግባቱ ክፍሉን ክፍል ያስመስለዋል። ከባዱ ጣጣ በከበሮው ማይክ ውስጥ የተሳሳተ የጊታር ኖታ ሲገባ ነው፤ ጊታሩ በኋላ ቢታረም እንኳ ስሕተቱ ከበሮው ውስጥ ሆኖ ይሰማል። ያኔ ዘፈኑን ከመጀመሪያው መድገም ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ደግሞ እጅ ስለሚደክም እየከፋ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሙከራ ላይ መቆም የተለመደ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ስለ ቴፕ ዋጋ ተነሥቶ ነበር።

ባለሙያ፦ ባለ 2 ኢንቹ ቴፕ አንዱ ጥቅል 2,500 ጫማ ነው። በሰከንድ 30 ኢንች ሲሮጥ 16 ደቂቃ ተኩል ያህል ይይዛል፤ በ15 ኢንች ሲሮጥ 33 ደቂቃ። ፍጥነቱን በግማሽ የቀነሰ ባንድ የቴፕ ወጪውንም በግማሽ ቀነሰ። ከቴፑ የሚመጣው የ«ሽሽሽ» ድምፅ ትንሽ ይጨምራል፤ ግን በዚያ ሁሉ ጊታር ሥር ማን ይሰማዋል? በቁጠባ የሚነሡት ሚኒትመን የተባሉት የካሊፎርኒያ ሳን ፔድሮ ልጆች ናቸው። ኪራይ በሚረክስበት ሌሊት ይቀርጹ ነበር፤ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ቴፕ ይገዙ ነበር፤ ዘፈኖቹን ደግሞ በሸክላው ላይ በሚሰለፉበት ቅደም ተከተል ይጫወቱ ነበር፤ ቴፕ ቆርጦ ለመቀጣጠል እንዳይከፍሉ። በ1981 የወጣው የመጀመሪያ ሎንግ ፕሌያቸው 18 ዘፈን በ15 ደቂቃ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ከዚህ የረከሰ መንገድ ይኖራል?

ባለሙያ፦ መድረክ ላይ መቅረጽ። ሁስከር ዱ የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀረጹት በኦገስት 1981 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሚገኝ ሰቨንዝ ስትሪት ኤንትሪ በሚባል ትንሽ ክለብ ባቀረቡት አንድ ዝግጅት ነው፤ ወጪው 350 ዶላር። 17 ዘፈን ሳይተነፍሱ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ጭቃ ነው፤ ቃላቱ አይለዩም። ርካሽ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው የሚለውን የሚያፈርስ ሸክላ ነው። ባንዱ ራሱ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ብዙ የተሻለ ሠርቷል።

ጋዜጠኛ፦ ባድ ብሬንስስ? እነሱ ኢትዮጵያን አብዝተው የሚያነሡ ናቸው።

ባለሙያ፦ ዋሽንግተን ውስጥ የተነሡ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው። በፊት ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ስለነበር እጃቸው የተፈታ ነው፤ በኋላም ራስ ተፈሪያን ሆኑ። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1981 ኒውዮርክ ውስጥ 171ኤ በሚባል፣ የልምምድ ቦታም በነበረ ስቱዲዮ ቀረጹ፤ በ1982 በካሴት ብቻ ወጣ። ሽፋኑ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ሲመታ ያሳያል። ለሒሳባችን የሚጠቅመው ካሴቱ ነው፤ ሸክላ መቁረጥ የለ፣ ማተሚያ ቅርጽ ማሠራት የለ። በጥቂት በጥቂቱ እያባዙ መሸጥ ይቻላል። ለአዲስ አበባ አድማጭ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ሙዚቃ ለብዙ ዓመት የደረሰው በካሴት ነው።

ጋዜጠኛ፦ መሣሪያው ከተቀረጸ በኋላ ድምፃዊው ይቀራል። ራሞንስ ለድምፅ አራት ቀን፣ ለመሣሪያ ሦስት ቀን መስጠታቸው የተገለበጠ አይመስልም?

ባለሙያ፦ ልክ ነው የሠሩት። መሣሪያው ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተው ስለሆነ ይፈጥናል። ድምፃዊው ግን ብቻውን ነው፤ 14 ዘፈን በአንድ ቀን የጮኸ ጉሮሮ በማግስቱ አይከፈትም። ጀማሪ ባንዶች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ገንዘቡን በጊታር ላይ ጨርሰው ድምፃዊውን በመጨረሻው ሌሊት፣ ሁሉም ደክሞት፣ የድምፅ ባለሙያው ሰዓቱን እያየ ያስዘፍኑታል። አድማጭ ደግሞ ጆሮው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሰው ድምፅ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ሚክሱስ?

ባለሙያ፦ ለሱ ሌላ ቀን መያዝ አለበት፤ ጆሮ ይደክማልና። በቀረጻው ሌሊት የተሠራ ሚክስ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል፤ ጠዋት ሲሰማ ሲምባሉ ጆሮ ይበጣል፣ ቤዙ ጠፍቷል። ወጪ የሚቀንሰው ዘዴ ከበሮውንና አምፕሊፋየሩን ለሁሉም ዘፈን ሳይነኩ አንድ ዓይነት አድርጎ መቅረጽ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሚዛን ከተገኘ ለተከታዮቹ ጥቂት ማስተካከያ ይበቃል። የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም «ብሊች» በዚህ ዓይነት ፍጥነት ነው የተሠራው። ሲያትል ውስጥ ሪሲፕሮካል በሚባል ባለ 8 ትራክ ስቱዲዮ፣ ከፕሮዲውሰሩ ጃክ ኤንዲኖ ጋር፣ ቀረጻና ሚክስ ተደምሮ 30 ሰዓት ያህል። የመጣው ሒሳብ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ባንዱ ይህንንም አልነበረውም። ጄሰን ኤቨርማን የተባለ ጊታሪስት ከፈለላቸው፤ በአልበሙ ላይ አንድ ኖታ ባይጫወትም ለምስጋና ስሙ ከባንዱ አባላት ጋር ታተመ።

ጋዜጠኛ፦ የአልበሙ ማጠር ከሸክላው ጋር ይገናኛል?

ባለሙያ፦ በጣም። የሸክላው አንድ ፊት ከ20 ደቂቃ እያለፈ ሲሄድ መርፌው የሚሄድባቸው ቦዮች መቀራረብ ስለሚኖርባቸው፣ ቆራጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በተለይ ቤዙን። 29 ደቂቃ ለሁለት ሲከፈል ለአንድ ፊት 15 እንኳ አይሞላም። ቦዮቹ ሰፋ ብለው ይቆረጣሉ፤ ሸክላውም ያለ ተጨማሪ ወጪ ይጮሃል። ዘፈን ማሳጠር ቴፕ፣ ሰዓትና ጉልበት ከመቆጠቡ በላይ ድምፁንም አጎላ።

ጋዜጠኛ፦ ሽፋኑን ማን ይሠራል?

ባለሙያ፦ የቅርብ ሰው። የራሞንስን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሮበርታ ቤይሊ ለ«ፓንክ» መጽሔት ነበር ያነሣችው፤ አሳታሚው በ125 ዶላር ገዛት። የባዝኮክስን ማናጀራቸው ሪቻርድ ቡን በፖላሮይድ አነሣ። የዋሽንግተኖቹ ቲን አይድልስ ደግሞ ባንዱ ሲፈርስ ከዝግጅቶቻቸው ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ ነበራቸው። ከመካፈል ይልቅ አርሊንግተን ውስጥ ዶን ዚየንታራ በቤቱ ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ የቀረጹትን ስምንት ዘፈን በ1,000 ቅጂ አሳተሙበት። ሽፋኑን በእጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በማጣበቂያ አጣብቀው አወጡት። ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ የተመሠረተው ለዚያች ሸክላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980።

ጋዜጠኛ፦ ዛሬ ኮምፒዩተር ሁሉንም አርክሶታል። ይህ ሁሉ ሒሳብ ያረጀ አይደለም?

ባለሙያ፦ ቦታውን ቀየረ እንጂ አላረጀም። ሁለት መግቢያ ያለው አነስተኛ የድምፅ ካርድና ላፕቶፕ ጊታርንና ድምፅን መኝታ ቤት ውስጥ ለመቅረጽ ይበቃሉ። ከበሮ ግን ክፍልና ብዙ ማይክ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ባንድ ለከበሮው ብቻ አንድ ቀን ስቱዲዮ ይከራይና ሌላውን ቤቱ ይጨርሳል። ትራክ ደግሞ አያልቅም፤ ኪራይ የማይቆጥርበት ሰው አልበሙን ሁለት ዓመት ሲያስተካክል ሊኖር ይችላል።

ጋዜጠኛ፦ መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?

ባለሙያ፦ እንደ ወጪው መጠን ነው። የራሞንስ አልበም በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ ከ111ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም፤ የወርቅ ሸክላ የተባለው በ2014 ነው። አሳታሚው 38 ዓመት ጠበቀ። 1,000 ቅጂ ያሳተመ ባንድ ግን ጥቂት መቶ እንደሸጠ ብድሩን ሊከፍል ይችላል፤ የሚተርፈው ለሚቀጥለው ሸክላ ይሆናል። ዲስኮርድ የቲን አይድልስ ገንዘብ ሲመለስ ማይነር ትሬትን የመሰሉ የሌሎች የዋሽንግተን ባንዶችን ሸክላ አወጣበት። ከባንዶቹ ጋር ውል አይፈራረምም፤ ወጪው ከተነሣ በኋላ ትርፉን ይካፈላሉ።

ጋዜጠኛ፦ በዚህ መንገድ ረጅም ዕድሜ የኖረ ባንድ አለ?

ባለሙያ፦ ዘ ኤክስ የተባሉት ሆላንዶች። በ1979 ተመሥርተው የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1980 አወጡ፤ ራሳቸውን ችለው ሲሠሩ ኖረዋል። በ2004 የ25ኛ ዓመታቸውን በዓል ሲያከብሩ ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን አምስተርዳም ጋበዙ። ጌታቸውም በተራቸው እናንተ አጅቡኝ አሏቸውና «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ያሳተመው ቴርፕ የተባለው፣ የባንዱ ጊታሪስት ቴሪ የሚያስተዳድረው አነስተኛ ድርጅት ነው። አንድ ትልቅ አሳታሚ የሆላንድ ፓንኮች ሽለላና ፉከራ ሲያጅቡ ልቅረጽ ብሎ ገንዘብ ያወጣ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።